ስለ ሥራ ልምድና ስለ ምስክር ወረቀቱ

ሰው ከተወለደበት አገር ወጥቶ በሌላ አገር ሠርቶ መኖር ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ነጋዴው በንግዱ፥ አንጥረኛው በእጁ ሥራ፥ ሊቁም በትምህርቱ ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወር ኖሯል። ነገር ግን ትላልቆቹ የባሕር ማዶ አገሮች ለብዙ ዘመን እንግዳውን ሲቀበሉ አስቀድመው የሚመለከቱት ዕውቀቱን ሳይሆን ዘሩንና መልኩን ነበር። ካናዳ ይህን ልማድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ዓመት ከደንቧ አንሥታ፥ በ1967 ዓመት አመልካቹን በትምህርቱ፥ በዕድሜው፥ በቋንቋ ዕውቀቱና በሙያው እየመዘነች ነጥብ የምትሰጥበትን ሥርዐት አቆመች። አውስትራሊያም በ1973 ዓመት በነጭ ዘር ላይ ተመሥርቶ የቆየውን ፖሊሲ ፈጽማ ከተወች በኋላ፥ በ1979 ዓመት ይህንኑ የነጥብ ሚዛን ያዘች።

ይህ ሚዛን ከቀድሞው ልማድ የተሻለ መሆኑን የሚክድ አይገኝም። ይሁን እንጂ ሚዛን የሚመዝነው በላዩ የተቀመጠበትን ብቻ ነው። በዚህኛው ሚዛን ላይ የሚቀመጠው ደግሞ ሰውየው ራሱ ወይም የእጁ ሥራ ሳይሆን ስለ ሥራው የተጻፈው ወረቀት ነው። ዐሥር ዓመት በትጋት የሠራ ሰው ወረቀቱ የጐደለ እንደ ሆነ እንዳልሠራ ይቈጠራል። ስለዚህ የሥራ ልምድ ነጥብ እንዴት እንደሚቈጠርና በምን እንደሚጐድል መርምሮ ማወቅ፥ ለአመልካቹ ብቻ ሳይሆን ምስክር ወረቀቱን ለሚጽፈው አሠሪም የሚገባ ነገር ነው።

በአውስትራሊያ ሕግ በሙያ ለሚገባ ሰው ዝቅተኛው ነጥብ 65 ነው። ከዚህም ውስጥ ከአውስትራሊያ ውጭ በሙያው 3 ወይም 4 ዓመት የሠራ 5 ነጥብ፥ ከ5 እስከ 7 ዓመት የሠራ 10፥ 8 ዓመትና ከዚያ በላይ የሠራ 15 ነጥብ ያገኛል። ሥራውን በዚያው በአውስትራሊያ የሠራ ግን በ1 ዓመት 5፥ በ3 ዓመት 10፥ በ5 ዓመት 15፥ በ8 ዓመት 20 ነጥብ ይሰጠዋል። የሁለቱም ድምር ከ20 አያልፍም። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹን 5 ነጥቦች ለማግኘት በዚያ አገር የተሠራ አንድ ዓመት በሌላ አገር ከተሠራ ሦስት ዓመት ጋራ እኩል ሆኖ ተቈጥሯል ማለት ነው። ነጥቡ 65 የሞላለት ሁሉም ወዲያው አይጠራም፤ ከፍ ያለ ነጥብ ያለው ስለሚቀድም፥ ለብዙዎች 5 ነጥብ የመጠራትና የመቅረት ልዩነት ይሆናል።

ዓመቱን መቍጠር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሚቈጠረው ዓመት ሁሉ ዓመት አይደለም። ሥራው አመልካቹ በመረጠው ሙያ ወይም ለዚያ በጣም በቀረበ ሙያ የተሠራ መሆን አለበት። ደመወዝ የተከፈለበት፥ በሳምንትም ቢያንስ 20 ሰዓት የተሠራ ሊሆን ይገባል። ጊዜውም ከመጠራቱ በፊት ባሉት 10 ዓመታት ውስጥ መሆን አለበት። ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር ግን ሌላ ነው። ይኸውም ሙያውን የሚመረምረው የሙያ ማኅበር፥ አመልካቹ በሙያው የበቃ ነው የሚባልበትን ቀን ይወስናል፤ ከዚያ ቀን በፊት የተሠራው ሥራ እንደ መማሪያ ጊዜ ተቈጥሮ ነጥብ አያሰጥም።

ለምሳሌ አንድ ሰው 6 ዓመት ሠርቶ 10 ነጥብ ይገባኛል ብሎ ይጽፋል እንበል። መርማሪው ማኅበር ግን የመጀመሪያዎቹን 2 ዓመታት ለብቃት ማግኛ ቢይዝበት የሚቀሩለት 4 ዓመታት ብቻ ናቸው፤ ነጥቡም 5 ይሆናል። ይህ ሰው የተጠራው በ10 ነጥቡ ተቈጥሮለት ከሆነ፥ በኋላ ሲመረመር በጥሪው ላይ ከተጻፈው ነጥብ ዝቅ ስለሚል ማመልከቻው ይወድቅበታል። ከተጠራ በኋላ የሠራው ጊዜም ጕድለቱን አይሞላለትም፤ ነጥቡ የሚታየው በተጠራበት ቀን እንደ ነበረ ነውና። ለማመልከቻውም የሚከፈለው ከ4000 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ነው፤ ስለ ወደቀም ገንዘቡ አይመለስም። ይህ ሰው አልዋሸም፤ የሠራበትን ዘመን ከሚቈጠርለት ዘመን ሳይለይ ጻፈ እንጂ።

የካናዳም አቈጣጠር በዝርዝሩ ቢለይም በመሠረቱ ይመሳሰላል። በፌዴራሉ የባለሙያዎች መርሐ ግብር ከ100 ነጥብ 67 ያገኘ ያልፋል። ለሥራ ልምድ የተመደበው ለ1 ዓመት 9 ነጥብ፥ ለ2 ወይም ለ3 ዓመት 11፥ ለ4 ወይም ለ5 ዓመት 13፥ ለ6 ዓመትና ከዚያ በላይ 15 ነጥብ ነው። አንድ ዓመት የሚባለው 1560 ሰዓት ሲሆን፥ ያለ ደመወዝ የተሠራ ሥራ አይገባበትም። ከዚህ በኋላ ከ2015 ዓመት ጀምሮ ያለፉት ሁሉ በ1200 ነጥብ እንደ ገና ይወዳደራሉ። በዚህ በሁለተኛው ሚዛን በውጭ አገር የተሠራ ሥራ ብቻውን ነጥብ አያሰጥም፤ ከጥሩ የቋንቋ ዕውቀት ወይም በካናዳ ከተሠራ ሥራ ጋራ ሲጣመር ብቻ ነጥብ ያስገኛል፤ ከ3 ዓመት በላይ የሆነውም ምንም አይጨምርም። ስለዚህ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ዓመት በመጨመር የማያገኘውን ነጥብ ቋንቋውን በማሻሻል ሊያገኘው ይችላል።

ሁለቱም አገሮች የሚመለከቱት የሥራውን ስም ሳይሆን የሥራውን ግብር ነው። «ሥራ አስኪያጅ» ወይም «መሐንዲስ» የሚል ማዕርግ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ሰውየው በየቀኑ ምን ይሠራ እንደ ነበረ፥ ይህም በአገሩ የሙያ መዝገብ ከተጻፈው ጋራ ይስማማ እንደ ሆነ ይመረመራል። ስለዚህ ካናዳ የምትጠይቀው ደብዳቤ የድርጅቱ ስምና አድራሻ ባለበት ወረቀት ተጽፎ፥ የሥራውን መጠሪያ፥ የጀመረበትንና የጨረሰበትን ቀን፥ ዋና ዋና ተግባሮቹን፥ የሳምንቱን የሥራ ሰዓትና ደመወዙን የያዘ፥ የፈራሚውም ስምና ማዕርግ የሰፈረበት እንዲሆን ነው።

እንግዲህ ይህን በአገራችን ከሚሰጠው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጋራ ማመዛዘን ይገባል። ብዙ ጊዜ ደብዳቤው ሁለት ወይም ሦስት መስመር ነው። እገሌ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በዚህ የሥራ መደብ ማገልገሉን፥ ደመወዙም ይህን ያህል መሆኑን ገልጾ በማኅተም ያበቃል። ለአገር ውስጥ ጕዳይ ይህ ይበቃ ይሆናል፤ ለውጭው ሚዛን ግን ተግባሩም ሰዓቱም አልተጻፈምና ባዶ ነው። ማኅተም ደብዳቤው ከማን እንደ መጣ ይመሰክራል እንጂ ሰውየው ምን እንደ ሠራ አይናገርም።

የዘመን አቈጣጠራችንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በእኛና በአውሮፓውያን መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ ድረስ 7 ዓመት፥ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጕሜን 8 ዓመት ነው። ኅዳር 2008 ዓ.ም. በእነርሱ 2015 ሲሆን፥ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ግን 2016 ነው። ይህን ሳይለይ የተረጐመ ሰው አንድ ዓመት ያለ አግባብ ይጨምራል፥ ወይም የራሱን አንድ ዓመት ያጠፋል። ደብዳቤው አንድ ቀን፥ የጡረታው መዝገብ ሌላ ቀን ቢያሳዩ መርማሪው የሚጠረጥረው የዘመን አቈጣጠሩን ሳይሆን ሰውየውን ነው። ስሙም በላቲን ፊደል በፓስፖርቱ አንድ ዐይነት፥ በደብዳቤው ሌላ ዐይነት ተጽፎ ሲገኝ እንዲሁ ጥርጣሬ ያመጣል።

ለዚህ ሁሉ መድኀኒቱ ሩቅ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ አዋጅ ቍጥር 1156፥ ሠራተኛው ሥራውን ሲለቅ ወይም በጠየቀ ጊዜ፥ አሠሪው የሥራውን ዐይነት፥ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን ልክ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዛል። እንግዲህ ደብዳቤው የአሠሪው ችሮታ ሳይሆን የሠራተኛው መብት ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ጸና፥ የጡረታው መዋጮ መዝገብ፥ የሥራ ግብሩ ደረሰኝና ደመወዝ የገባበት የባንክ ዝርዝር ደብዳቤውን የሚደግፉ ምስክሮች ናቸው። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደ ተባለ፥ ሠራተኛ ሁሉ ወደ ውጭ ባያስብም እንኳ ከመጀመሪያው ወር ደመወዙ ጀምሮ ወረቀቱን ቢያስቀምጥ ይጠቀማል።

በሌላ በኩል ያልሠራውን ሠርቻለሁ የሚል ደብዳቤ ገዝቶ ወይም ከወዳጅ ለምኖ የሚያቀርብ አለ። ይህ ሰው የሚያገኘውን አምስት ነጥብ ያያል፤ የሚያጣውን አያይም። በካናዳ ሕግ ሐሰት ያቀረበ ለ5 ዓመት እንዳይገባ ይከለከላል። በአውስትራሊያም ሐሰተኛ ማስረጃ ለ3 ዓመት የፈቃድ መከልከልን ያመጣል፤ ቅጣቱም አብረው ለሚያመለክቱ ቤተ ሰቦቹ ይተርፋል። ከዚህም የሚከፋው፥ አንድ ሐሰተኛ ደብዳቤ ከአንድ አገር በወጣ ቍጥር ከዚያው አገር የሚመጣው እውነተኛ ደብዳቤ ሁሉ በጥርጣሬ ዐይን እንዲታይ ማድረጉ ነው። የአንዱን ድፍረት የሚከፍሉት ብዙ ንጹሓን ናቸው።

በሚዛኑም ላይ ወቀሳ የለም ማለት አይደለም። ድርጅቱ የተዘጋበት፥ መዝገቡ በጦርነት የጠፋበት፥ ወይም በራሱ ሱቅና በራሱ መሣሪያ ሠርቶ ያደረ ባለ እጅ እውነቱን ይዞ ወረቀቱን ያጣል። ደግሞም በበሩ ላይ የተቈጠረለት ልምድ ከገባ በኋላ በአሠሪዎች ዘንድ የማይቈጠርለት ብዙ ነው፤ የኦንታርዮ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን በ2013 ዓመት «የካናዳ የሥራ ልምድ ከሌለህ አንቀጥርህም» ማለት አድልዎ ሊሆን እንደሚችል በመመሪያ እስከ መግለጽ የደረሰው ስለዚህ ነው። ሙያተኛውን አስተምሮ ያሳደገው አገር የሚያጣውን ግን በነጥብ የሚቈጥርለት ማንም የለም። ስለዚህ አገር ባለሙያውን ለማቆየት የምትችለው ደብዳቤውን በመከልከል ሳይሆን ሥራውን በማክበር ነው፤ የሠራበትን ዘመን እንኳ በትክክል ሊጽፍለት ያልወደደ አሠሪ ሠራተኛው እንዲቆይለት ሊጠብቅ አይችልም።

እንግዲህ አሠሪው የሠራተኛውን ተግባርና ሰዓት አሟልቶ ይጻፍ፤ አመልካቹም የሚገባውን ብቻ ቈጥሮ፥ ጥርጥር ባለበት ዓመት ላይ አሳንሶ ይጠይቅ። ተቀንሶ የተጠየቀ ነጥብ ቢበዛ ተራ ያስጠብቃል፤ ተጨምሮ የተጠየቀ ግን ያለውንም ያሳጣል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ እንዲጠራ ግን በጊዜው በወረቀት ላይ ሊሰፍር ይገባዋል።