ውሻን ስለ ማኮላሸትና ስለ ጊዜው

በሬውን ለእርሻ ለመግራት፣ ፍየሉንም ሙክት ለማድረግ ማኮላሸትን ከአባቶቹ ወርሶ ያለ አንዳች የኅሊና ክርክር ሲፈጽም የኖረው ሕዝባችን፣ ነገሩ ወደ ውሻና ወደ ድመት ሲደርስ «የፈጣሪን ሥራ መለወጥ ነው» ብሎ ማመንታቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ለጌታው ጥቅም ሲባል የተፈቀደው ነገር፣ ለእንስሳዪቱ ለራስዋና ተወልደው ለሚጣሉት ልጆችዋ ሲባል የሚከለከልበትን ምክንያት አላገኘሁም። መቼ ይኮላሽ ለሚለው ጥያቄ ግን ዕድሜን ከመቍጠር አስቀድሞ አጥርን መመርመር ይገባል እላለሁ፤ ይኸውም ባለቤቱ እንስሳውን በእውነት ጠብቆ መያዝ ይችል እንደ ሆነ ነው።

በአዲስ አበባ ብዙው ውሻ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ሌሊት ይፈታል፤ የግቢው በርም ሰው በገባና በወጣ ቍጥር ይከፈታል። ሴቲቱ ብዙ ጊዜ በስድስት ወርና በአንድ ዓመት መካከል ለሥሪያ መፈለግ ትጀምራለች፤ ከፀነሰችም በ63 ቀን ገደማ ትወልዳለች። ድመት ደግሞ ገና በአራትና በአምስት ወርዋ ልትፀንስ ትችላለች። ከቡችሎቹ ወንዶቹ ለዘበኝነት ተፈልገው ሲወሰዱ ሴቶቹ በወንዝ ዳርና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይጣላሉ፤ ከነዚህ መካከል በሕይወት የተረፉትም ያልተከተቡ ሆነው ያድጋሉ። በሰው ላይ የሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ ከመቶ 99 እጁ በውሻ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ በሽታውን ለመግታት ከመቶ 70 ያህሉ ውሾች እንዲከተቡ የዓለም የጤና ድርጅት ይመክራል። ማኮላሸት ክትባትን አይተካም፤ ነገር ግን በየዓመቱ አዲስ ቡችላ በሚፈላበት መንደር የከታቢዎቹ ድካም ቶሎ ይሸረሸራል።

በኖርዌይ እንስሳን ያለ በቂ ምክንያት ማኮላሸት በሕግ የተገደበ ነው፤ ይህን ለመከራከሪያ የሚያቀርቡ አሉ። ዳሩ ግን የዚያ አገር ውሻ ብቻውን በመንገድ አይንከራተትም፤ ሕጉም የቆመው በዚህ ልማድ ላይ ነው።

አጥሩ የጸና ከሆነ ግን ዕድሜው ብርቱ ጥያቄ ይሆናል። አጥንት ማደጉን እንዲያቆም ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ከዘር ፍሬ የሚወጣው ሆርሞን ስለሆነ፣ ይህ ቀድሞ የተነጠቀበት ትልቅ ውሻ አጥንቱ ከልኩ በላይ ይረዝማል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ጀርመን ሼፐርድ ባወጡት ጥናት፣ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የተኮላሹት በመገጣጠሚያ ሕመም አብዝተው እንደሚጠቁ አሳይተዋል፤ በ2020 በ35 ዘሮች ላይ ባወጡት ጥናት ደግሞ በትናንሾቹ ዘሮች ላይ ይህ ጉዳት አልታየም። እንግዲህ በግንብ አጥር ውስጥ የሚኖር ጀርመን ሼፐርድ ቢያንስ ዓመት እስኪሞላው ቢቆይ መልካም ነው፤ በሩ በሚከፈትበት ግቢ ያለች ሴት ግን የመጀመሪያው የሥሪያ ወራት ሳይደርስባት መኮላሸት አለባት። ሳትኮላሽ የቀረች ውሻ ማኅፀንዋ መግል ሊቋጥር ይችላል፤ በስዊድን በመድን መዛግብት ላይ በተደረገ ጥናት፣ ካልተኮላሹት ሴቶች ከአምስቱ አንዷ ያህል አሥር ዓመት ሳይሞላት በዚህ ሕመም ተይዛለች።

የወንዱ ባለቤት «የእኔ አይወልድም» ብሎ ከዚህ ሁሉ ራሱን ነጻ ማውጣቱን አልቀበልም፤ በጎረቤት ደጅ የተጣሉት ቡችሎች አባት የእርሱ ውሻ ነውና። ሥራውም በሐኪም እጅና በማደንዘዣ ይፈጸም፤ ፍየል የሚቀጠቅጥ ሰው አይጠራበት።