ሦስቱ ለውጦችና የእኛ ቤተሰቦች፦ የቢአርሲኤ ምርመራ «የለም» ሲል ምን ማለት ነው?

በእስራኤል ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙሉም ሆነ በከፊል የአሽከናዚ ትውልድ ያላት ሴት፣ በቤተሰቧ ካንሰር የታመመ ሰው ባይኖርም የቢአርሲኤ ምርመራን በጤና አገልግሎቶች ቅርጫት በኩል ማግኘት ትችላለች። ውሳኔው ተገቢ ነው። ይሁንና «እኛስ?» ብሎ ለሚጠይቅ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ መልሱ የተለየ ነው።

ቢአርሲኤ 1 እና ቢአርሲኤ 2 የሚባሉት ጂኖች በሁላችንም ሰውነት ውስጥ አሉ። ሥራቸው የተጎዳ ዲኤንኤን መጠገን ነው። ከወላጅ ተበላሽተው ሲወረሱ የጡትና የእንቁላል ማመንጫ (ኦቫሪ) ካንሰር አደጋ በጣም ይጨምራል። በአሽከናዚ አይሁዳውያን ዘንድ ሦስት የተወሰኑ ለውጦች ከጥቂት ቀደምት ሰዎች ሲወርዱ ሲዋረዱ ቆይተው፣ ዛሬ ከ40 ሰው አንዱ ገደማ ተሸካሚ ነው። ላብራቶሪው ሦስት ቦታ ብቻ አይቶ በርካሽና በፍጥነት መልስ መስጠት የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ተመራማሪዋ ሜሪ ክሌር ኪንግና የእስራኤል ባልደረቦቿ በ2014 ያወጡት ጥናት ከ8,000 በላይ ጤነኛ የአሽከናዚ ወንዶችን መርምሮ፣ ተሸካሚ ሆነው የተገኙትን ሰዎች ሴት ዘመዶች ተከታተለ። ተሸካሚ ከሆኑት ሴቶች እስከ 80 ዓመት ድረስ ከሁለቱ ካንሰሮች በአንዱ የመያዝ ዕድሉ ለቢአርሲኤ 1 83 በመቶ፣ ለቢአርሲኤ 2 76 በመቶ ነበር። ከእነዚህ ቤተሰቦች ግማሽ ያህሉ ምርመራ የሚያስጠይቅ የካንሰር ታሪክ አልነበራቸውም።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ሦስቱ ለውጦች የኢትዮጵያ ትውልድ ያላቸው ሰዎች መለያ አይደሉም። ስለዚህ ለሦስቱ ብቻ ተመርምራ «የለም» የተባለች የቤተ እስራኤል ልጅ የተነገራት ሦስቱ ቦታዎች ደህና መሆናቸውን ብቻ ነው። ቀሪው የጂኑ ክፍል አልተነበበም። በቤተሰብ ጥርጣሬ ካለ መጠየቅ ያለበት ጂኖቹን ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ምርመራ ነው።

በአፍሪካ ምን ይመስላል? በ2018 የወጣ የናይጄሪያ ጥናት 1,136 የጡት ካንሰር ታማሚዎችን መርምሮ በ7 በመቶው የቢአርሲኤ 1፣ በ4 በመቶው የቢአርሲኤ 2 ጎጂ ለውጥ አግኝቷል። ናይጄሪያ ኢትዮጵያ አይደለችምና ቁጥሩን እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት ስህተት ነው። ሆኖም «ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለውን ወሬ ዋጋ ያሳጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። መመዘኛ የሆነው መረጃ በአብዛኛው የተሰበሰበው ከአውሮፓውያን ዝርያ ስለሆነ፣ የአፍሪካ ትውልድ ያላቸው ሰዎች «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» የሚል ውጤት ይበልጥ ይደርሳቸዋል። ይህ «አለብሽ» ማለት አይደለም፤ በእሱ ብቻ ተመርኩዞ ጡት ማስወጣት አይገባም። ወረቀቱን አስቀምጠው ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጄኔቲክ አማካሪዎን ዳግም ይጠይቁ፤ ትርጉሙ ሊታወቅ ይችላል።

በቤተሰብዎ ከ50 ዓመት በፊት የጡት ካንሰር የያዛት፣ በማንኛውም ዕድሜ የኦቫሪ ካንሰር የታመመች፣ ወይም የጡት ካንሰር የያዘው ወንድ ካለ ለሐኪምዎ ይንገሩ። የሚቻል ከሆነ ምርመራው ከታመመችው ሰው ቢጀመር ውጤቱ ይበልጥ ይጠቅማል። የአባትን ወገን አይርሱ፤ ለውጡ ከአባትም ከእናትም እኩል ይወረሳል። እኛ እስከ ሰባት ቤት ዘር ስንቆጥር ማን በምን እንደሞተ ግን አንናገርም። «ሆዷን ታማ ነው» የተባለችው አክስት ኦቫሪዋን ታማ ሊሆን ይችላልና እናትዎንና አያትዎን በእርጋታ ይጠይቁ።

ተሸካሚ መሆኗ የታወቀ ሴት ከ25 ዓመቷ ገደማ ጀምሮ በየዓመቱ የጡት ኤምአርአይ ይታዘዝላታል፤ ማሞግራም በኋላ ይጨመራል። የመውለድ ፍላጎቷን ከጨረሰች በኋላ ኦቫሪዋን ስለማስወጣት ከሐኪሟ ጋር ትመክራለች። አብዛኛው የጡት ካንሰር ግን በውርስ የሚመጣ አይደለም፤ ጡት ላይ አዲስ እብጠት ያገኘች ሴት የጂን ውጤቷ ምንም ቢል በቶሎ ትታይ።