«ታይፎይድና ታይፈስ»፦ በላቦራቶሪ ስም የሚሰጥ ብያኔ

ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በቆጂም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች፣ ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ወደ ጤና ተቋም የሄደ ሰው «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተብሎ መድኃኒት ይዞ ቢመለስ ማንም አይደነቅም። ሁለቱ በስም ይቀራረቡ እንጂ ዝምድና የላቸውም፤ ታይፎይድ ወይም የአንጀት ተስቦ በተበከለ ምግብና ውሃ ሲተላለፍ፣ ወረርሽኝ የሚያስነሣው ታይፈስ ግን የቅማል በሽታ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ መገኘታቸው ብርቅ መሆን ሲገባው የዕለት ተዕለት ውጤት መሆኑ ብቻውን ምርመራውን ሊያስጠረጥር በተገባ ነበር።

ብያኔው የሚቆመው እ.ኤ.አ. በ1896 በታወቀው የዊዳል ምርመራና በ1916 በተከተለው ዌይል ፌሊክስ ላይ ነው። ሁለቱም የሚሹት ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ለመከላከያ የሚያመርተውን አንቲቦዲ ሲሆን፣ አንቲቦዲ ደግሞ ካለፈ ሕመም ሊቆይ፣ ከሌላ ተሐዋሲም ሊመነጭ ይችላል። ዌይል ፌሊክስማ የታይፈስን ተሐዋሲ ጨርሶ አይነካም፤ የሚጠቀመው በአጋጣሚ የሚመሳሰለውን ፕሮቲየስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ዊዳልም ቢሆን ትርጉም የሚኖረው በቀናት ልዩነት የተወሰዱ ሁለት የደም ናሙናዎች ሲነጻጸሩ ነው፤ ታማሚው ግን ለሁለተኛው ናሙና ተመለስ ሲባል እምብዛም አይሰማም።

የልማዱ ጠበቆች የደም ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን ከደም አሳድጎ የመለየት ምርመራ፣ በየወረዳው ስለሌለ ይህ ከምንም ይሻላል ይላሉ። የተሳሳተ ስም ግን ፍለጋውን ስለሚያስቆም ከምንም የከፋ ነው፤ ከጀርባው የሳንባ ምች ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ሊኖር ይችላል፣ ያለ ቦታው የተሰጠው አንቲባዮቲክም መድኃኒቱን የለመደ ጀርም ያፈራል።

የኅብረተሰብ ጤና ላቦራቶሪ ተግባር እዚህ ላይ ይጀምራል። በ2006 ዓ.ም. የአሁኑን ስሙን የያዘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ሆነ በኦሮሚያ የአዳማው ክልላዊ ላቦራቶሪ የታመመን ሰው ከማገልገል ባሻገር በሽታ የት እንዳለ ለአገር የሚያሳዩ ዓይኖች ናቸው። ሆኖም ታይፎይድና ታይፈስ በየሳምንቱ ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የገቡ በመሆናቸው፣ የዊዳል ስሕተት ከታማሚው ካርድ አልፎ ቁጥር ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል። የጥራት ቁጥጥሩ ባለሙያው ምርመራውን በትክክል መሥራቱን ይጠይቃል፤ ምርመራው ራሱ መሠራት ይገባው እንደሆነ መጠየቅ የአስተዳደር ውሳኔ ሲሆን፣ ከክፍያው ገቢ ለሚያገኝ ተቋም ደግሞ ውሳኔው አይጥምም። አቅም የለም የሚለውም ምክንያት አያስኬድም፤ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ናሙና መጀመሪያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ የነበረ ሲሆን፣ ሳይቆይ አዲስ አበባ ላይ መመርመር ተጀምሯል።

ካልቸሩን እንደ አሰላ ባለ ሪፈራል ሆስፒታል ላይ አጠናክሮ ናሙና ከየወረዳው መቀበል ይቻላል። እስከዚያው ድረስም ቢሆን ጀርሙን ራሱን በቀላሉ ማየት የሚቻልበት በሽታ አለ፤ በደጋው የሚፈራው ሌላው የቅማል በሽታ፣ ግርሻ፣ ለወባ ምርመራ በተገዛው ማይክሮስኮፕ፣ በአንዲት የደም ጠብታ ላይ፣ ተሐዋሲው ራሱ እየተጠማዘዘ ይታያል።