ከጪጮ እስከ ትራክተር፦ የአርሲ ኑሮ በሙዚየም

የአካባቢ ታሪክ ሙዚየም በአንድ አገር የኖረ ሕዝብ ሲያርስ፣ ሲያልብ፣ ሲድርና ሲገበያይ የተገለገለባቸውን ዕቃዎች አሰባስቦ የሚያሳይ ተቋም ነው፤ ሥራው የሰመረ የሚባለውም ጎብኚው ዕቃው በማን እጅ እንደነበረና ምን ያደርግ እንደነበር አውቆ ሲወጣ ነው። በአሰላ ከተማ የሚገኘው የአርሲ ሙዚየምም ሊመዘን የሚገባው በዚህ ነው።

ጪጮ፣ ማለትም የአርሲ ኦሮሞ ሴቶች ከተክል ቃጫ አጥብቀው የሚጠልፉትና ክዳን የሚያበጁለት የወተት ዕቃ፣ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ዕቃው ወተት ከመያዙ በፊት ታጥቦ ይታጠናል፤ ጢሱም ለወተቱ መዓዛ ከመስጠቱ በላይ ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዘዋል። ይህ ሁሉ ሙያ በመስታወት ውስጥ ስለማይታይ፣ በሥሩ «የወተት ዕቃ» ብሎ ጽፎ ማለፍ ከነጭራሹ ዝም ከማለት ብዙም አይሻልም። ሲንቄም እንዲሁ ነው፤ እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጣት ይህች ቀጭን በትር፣ ሴቲቱ ይዛት በተጣሉ ወንዶች መካከል ስትቆም ጠብ የምታስቆም የመብቷ ምልክት መሆኗ ካልተነገረ፣ ለማያውቃት ሰው ከተራ ዘንግ አትለይም።

ይሁን እንጂ የአርሲ ኑሮ በባህል ዕቃ ብቻ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ «ካዱ» የሚለው፣ ምርጥ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በብድር በማቅረብና የተዳቀሉ ጊደሮችን በማሠራጨት የገበሬውን ጓሮም የአሰላን ገበያም ለውጧል። ስንዴው ትርፍ ማስገኘቱን ያዩ ባለመሬቶች ግን በትራክተር ማረስ ሲጀምሩ፣ የሰው መሬት እያረሰ ከምርቱ የሚያካፍለው ጭሰኛ ከቀዬው ተፈናቀለ፤ ጭሰኝነት በሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው የመሬት አዋጅ ነው። ጪጮውን ብቻ የሚያሳይ አዳራሽ ይህን መከራም ሆነ ይህን ለውጥ ያስቀራል፤ የአርሲ ሰው ከዘመን ውጭ የኖረ ያስመስለዋል፤ ይህም ትልቅ በደል ነው።

የካዱ ባለሙያዎች የመጡባት ስዊድን ራሷ፣ ኢንዱስትሪ የገጠሩን ኑሮ ሲለውጠው አርቱር ሃዜሊዩስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1891 በስቶክሆልም በመሠረተው ስካንሰን በተባለና በገላጣ ስፍራ በተዘረጋ ሙዚየም፣ የገበሬ ቤቶችን ከነዕቃቸው ከየአውራጃው አምጥታ አትርፋለች። ለአሰላ የሚቀርበው አርአያ ግን አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ነው፤ ባህላዊ ዕቃዎቹ የተደረደሩት ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ዕቃ ከባለቤቱ ሕይወት ጋር ተያይዞ ይታያል።

በዚህ ሥርዓት ከጪጮውና ከሲንቄው ቀጥሎ የካዱ የብድር ወረቀት፣ የፈረስ ጋሪና የእህል መስፈሪያ ቁና ቦታ ሊያገኙ ይገባል። ካዱ ሲቋቋም የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ገበሬ ዛሬ ሰማንያ ሊደፍን ተቃርቧልና፣ ዕቃው ከመሰብሰቡ በፊት የእርሱና የባለቤቱ ድምፅ በኦሮምኛም በአማርኛም ይቀዳ።