ከጓሮ አጥር ሥር ማን ይቁም?

እኔ የምለው… አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ የጓሮ አጥሩን በፈረንጅ ጽድ እንዲሸፍን አዋጅ ወጥቷል እንዴ? በየሰፈሩ ዘወር ዘወር ብላችሁ እዩ፤ አንዱ የተከለውን ሌላው ይተክላል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

መሸፈን መፈለጉስ ይገባኛል። ትናንት ጭቃ ቤት የነበረው የጎረቤት ቦታ ዛሬ አራት ፎቅ ሆኗል። በረንዳው ላይ የቆመ ሰው እናንተ ልብስ ስታሰጡ፣ እናታችሁ ሽንኩርት ስትልጥ ቁልቁል ያያል። ግንቡን ከፍ እናድርገው ቢባል ብሎኬቱ ውድ ነው፤ ግቢውንም እስር ቤት ያስመስለዋል። ስለዚህ ረዘም ያለ ቁጥቋጦ ከኋላ መትከል ብልህነት ነው። ጥያቄው የትኛውን ነው።

የፈረንጅ ጽድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ባዕድ ስለሆነ አልጠላውም፤ በርበሬያችንም የመጣው ከዚያው አካባቢ ነው! ጠቤ ከጠባዩ ጋር ነው። እሱ ዛፍ እንጂ ቁጥቋጦ አይደለም፤ ካልተከረከመ ከ20 ሜትር በላይ ይሄዳል። «አሁን እንተወው፣ በኋላ እናሳጥረዋለን» ያለ ሰው ደግሞ ጉድ ፈላበት፤ ቅጠል እስከሌለው አሮጌ ቅርንጫፍ ድረስ ከተቆረጠ ከዚያ ቦታ መልሶ አያቆጠቁጥም። የሚቀረው ለዓመታት የሚታይ መላጣ ነው።

ቅንጭብስ? ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል፤ ልጆች ለሚሯሯጡበት ግቢ አይሆንም። የወፍ ቆሎም አበባው ቢያምርም ወፎች ፍሬውን እየበሉ በየሜዳው ይዘሩታል፤ በዓለም ከታወቁት ወራሪ እጽዋት አንዱ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ ቀዳሚው ጌሾ ነው። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፣ ያብረቀርቃል፣ ቁመቱ እስከ 6 ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ ጥላም ይችላል። «ጌሾማ የገጠር ነው» የምትሉ አላችሁ አይደል? ታዲያ ለበዓል ጠላ ሲጠመቅ ከገበያ በገንዘብ የምትገዙት ምኑን ነው? ከኋላ ግንባችሁ ሥር ሊበቅል የሚችለውን! ሁለተኛው ግራዋ ነው። ከቁራጭ ግንድ ይበቅላል፣ ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆርጡትም ያቆጠቁጣል፤ ነጭ አበባውን ንብ ትወደዋለች፣ ቅጠሉ ጋን ያጥባል። ሲረዝም ከሥሩ ስለሚራቆት ከፊቱ ሰንሰል ይቁምለት። ቢጫ አበባ ያማረው ሰው አምጃ ይጨምር፤ የደጋ ልጅ ነው፣ ብርዱን ያውቀዋል።

ብቻ ስትተክሉ አንድ ነገር አትርሱ። ዛሬ ጉልበታችሁ የማትደርሰውን ችግኝ አትዩ፤ አድጎ የሚይዘውን ስፋት አስቡ። ከግንቡ 1 ሜትር ተኩል ያህል ራቁ፣ መቀስ የያዘ ሰው ከኋላ ይለፍበት። አንድ ዓይነት ብቻ አትደርድሩ፤ በሽታ ከገባ ሁሉንም ጠራርጎ ይሄዳል። ክረምቱ ሲገባ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ከተተከለ ሥር ለመስደድ በቂ ዝናብ ያገኛል፤ በመጀመሪያው በጋ ግን ውኃ አትንፈጉት።

«ይሄ ሁሉ ለቁጥቋጦ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ለቁጥቋጦ! ይህች ከተማ በምኒልክ ዘመን እንጨት ሲያልቅባት የደረሰላት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነበር። ያኔ ችግር ነበር፣ ምርጫ አልነበረም። ዛሬ ግን ምርጫ አለን፤ የአያቶቻችንን ጓሮ ተክል «ኋላ ቀር» ብለን ስለናቅነው ብቻ ነው የማናየው።

ደግሞ ከመትከላችሁ በፊት ጎረቤትን አማክሩ። ከዓይኑ ለመሸሸግ ብላችሁ የማድ ቤቱን ፀሐይ ከነጠቃችሁት፣ አጥሩ የቱንም ያህል ቢያምር የጠብ አጥር ነው።