የጸሎት ቤት በአንድ ሚዛን ይመዘን

ሰው ለፈጣሪው የሠራው ቤት ከሌላው ቤት ሁሉ የተለየ ክብር አለው። መኖሪያ ቤት ቢፈርስ የሚያዝነው ባለቤቱ ነው፤ የጸሎት ቤት ከእጅ ቢወጣ ግን ኀዘኑ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል። ስለዚህ «ይህ ቤት ቀድሞ የእኛ ነበረና ይመለስልን» የሚል ነገር በተነሣ ጊዜ፣ ነገሩን የሚሰማ ሹምም ሆነ የሃይማኖት መምህር ልቡን ከስሜት፣ አንደበቱንም ከችኮላ መጠበቅ ይገባዋል።

በዚህ ዘመን ይህን ክርክር በዓለም ሁሉ ፊት ያቆመው በኢስታንቡል ከተማ ያለው የአያ ሶፍያ ሕንፃ ነው። ይህ ሕንፃ በአውሮፓ አቆጣጠር በ537 ዓመት በንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ተፈጸመ፤ በ1453 ሱልጣን መሐመድ 2ኛ ከተማዪቱን በያዘ ጊዜ መስጊድ ሆነ፤ በ1934 ደግሞ የቱርክ ሪፐብሊክ መንግሥት ቤተ መዘክር እንዲሆን ወሰነ። ከ86 ዓመት በኋላ ሐምሌ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ያን ውሳኔ ሻረው፤ ሐምሌ 17 ቀንም የጁምዓ ጸሎት ተደረገበት። በዚህም ከሙስሊሙ ወገን ብዙዎች ደስ አላቸው፤ ከክርስቲያኑ ወገን ብዙዎች አዘኑ።

የድሬዳዋ ሰው ይህን ነገር የሩቅ አገር ወሬ ነው ብሎ ሊተወው አይችልም። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በደረሰ ጊዜ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሐዲዱ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ሳለ የተራራው ዳገት ስላስቸገረ በቆላው ሜዳ ላይ ቆመ፤ ከተማዪቱም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። ለንግድና ለሥራ ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ፣ በከዚራም ሆነ በመጋላ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደወልና የመስጊዱን አዛን በአንድ ማለዳ እየሰማ ኖሯል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በወሰደ ጊዜም የማንንም ሃይማኖት አልጠየቀም።

ይሁን እንጂ ድሬዳዋ ስሟን ከተዋሰችባት ከሐረር የሚለያት ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መንገድ ብቻ ነው። በሐረር ደግሞ የአያ ሶፍያን ታሪክ የሚመስል፣ አቅጣጫው ግን የተገላቢጦሽ የሆነ ታሪክ አለ። ሐረርን ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ግብፆች ገዝተዋት ነበር። በ1879 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በጨለንቆ ጦርነት አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ከተማዪቱን ያዙ። ከዚያም በኋላ በፈረስ መጋላ አደባባይ፣ ግብፆች ያሠሩት መስጊድ በነበረበት ስፍራ፣ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆመ። ዛሬም ይህ ቤተ ክርስቲያን 82 መስጊዶች ባሉበትና በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጁገል ግንብ ውስጥ ይገኛል። ነገሩ የታወቀ ነውና መሸሸግ አያስፈልግም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። በአያ ሶፍያ የተደረገውን ግፍ ነው የሚል ካህን፣ ስለ ሐረር ሲጠየቅ ምን ይመልሳል? አያ ሶፍያን «አባቶቻችን በድል የያዙት ነው» የሚል ሙስሊምስ፣ በሐረር በድል የተያዘውን በምን ቃል ይቃወማል? ለራሱ ሲሆን ድል፣ ለሌላው ሲሆን ግፍ ብሎ የሚቆጥር ሰው ሁለት ሚዛን ይዟል። ሁለት ሚዛን መያዝ ደግሞ በክርስቲያኑም ሆነ በሙስሊሙ ሃይማኖት የተወገዘ ነው።

«የቀድሞው ሁሉ ወደ ቀድሞው ይመለስ» የሚለው ቃል ሲሰሙት ፍትሕ ይመስላል። ነገር ግን የት ላይ ይቆማል? በ1523 ዓ.ም. ደብረ ሊባኖስ በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ተቃጠለ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ደግሞ የወሎ ሙስሊሞች በአጼ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ተገደዱ። እያንዳንዱ ወገን ያለቀሰበት ዓመት አለው፤ ሌላውን ያስለቀሰበት ዓመትም አለው። ሒሳቡን ከሚያመቸው ዓመት የሚጀምር ሁሉ ሁልጊዜ አበዳሪ እንጂ ባለዕዳ ሆኖ አይገኝም።

ስለዚህም ነገር ከህንድ አገር የሚገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1991 የህንድ ምክር ቤት፣ የጸሎት ቤቶች ሁሉ አገሪቱ ነጻ በወጣችበት በኦገስት 15 ቀን 1947 በነበሩበት ሃይማኖት እንዲጸኑ ሕግ አወጣ። ክርክር ላይ የነበረው የአዮድያ የባብሪ መስጊድ ብቻ ከዚህ ሕግ ውጭ ተተወ። በሚቀጥለው ዓመት በዲሴምበር ወር ያ መስጊድ በተሰበሰበ ሕዝብ እጅ ፈረሰ፤ በተከተለውም ሁከት 2,000 ያህል ሰው ሞተ። አንድ ስፍራ ብቻ ክፍት ቢተው ይህን ያህል ደም ካስከፈለ፣ ሁሉም ክፍት ቢሆን ምን ይደርስ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ደግሞ ከጥንት ዘመን ይገኛል። በ10ኛው ምዕተ ዓመት አንድ የእስክንድርያ መልካዊ ፓትርያርክ በጻፈው ታሪክ እንደሚተረከው፣ ኸሊፋ ዑመር ኢየሩሳሌምን በተረከቡ ጊዜ ፓትርያርክ ሶፍሮንዮስ በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲጸልዩ ጋበዟቸው። ኸሊፋው ግን ተከታዮቻቸው ኋላ «ዑመር ጸልዮበታል» ብለው ቤቱን እንዳይወስዱት በመስጋት ወደ ውጭ ወጥተው ጸለዩ። አሸናፊው የተሸናፊውን ቤት ከራሱ ወገን የጠበቀበት ይህ ሥራ ከሕንፃ ሁሉ የሚበልጥ ሐውልት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍሬ ነገር አጭር ነው። ዛሬ ጸሎት የሚደረግበት ቤት ሁሉ፣ አጀማመሩ እንዴትም ቢሆን፣ በያዘው ምእመን እጅ ይጽና። «ይህ የቀደመውን ግፍ ማጽደቅ ነው» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞውም ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ መጽናት ብቻውን አይበቃም፤ እውነት ሊጨመርበት ይገባል። መድኃኔ ዓለምን ሊያይ ለሚመጣ እንግዳ፣ በስፍራው ቀድሞ መስጊድ እንደ ነበረ ያለ ማፈር ይነገረው፤ በትምህርት ቤትም የደብረ ሊባኖስ መቃጠልና የወሎ ሙስሊሞች መገደድ በአንድ መጽሐፍ ይጻፍ። ቤቱን ያጣ ወገን ታሪኩንም ጨምሮ ሲያጣ ነው ቂሙ የሚጠነክረው።

የቀረው የሹማምንት ድርሻ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ስለ ደነገገ፣ የትኛው ስፍራ ለማን የተቀደሰ እንደሆነ መፍረድ የሹም ሥራ አይደለም። የጸሎትና የመቃብር ቦታ ለሚለምን ሁሉ በአንድ መመዘኛ መስጠት፣ ሲከለክልም ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ ግን ሥራው ነው። ዛሬ በቂ ቦታ በቅንነት ያገኘ ምእመን ከመቶ ዓመት በፊት ስለ ተወሰደበት ቦታ ለመጣላት አይቸኩልም፤ የተነፈገ ግን የዛሬውን በደል ከጥንቱ ጋር አያይዞ ይቆጥረዋል። እንደ ድሬዳዋ በየጊዜው በምትሰፋ ከተማ ይህ ነገር የዕለት ተዕለት የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው።

የመምህራንም ድርሻ ከዚህ አያንስም። ካህኑ በዐውደ ምሕረት፣ ሼኹም በሚንበር ላይ ስለ ተወሰደባቸው ቤት ሲናገሩ፣ ወገናቸው ስለ ወሰደው ቤትም በዚያው ቀን ቢናገሩ፣ ሰሚው ወደ ቤቱ የሚመለሰው ቂም ሳይዝ አስተውሎ ነው። አገር የጋራ፣ ሃይማኖት የግል መሆኑ በቃል ብቻ ሳይቀር በሥራ የሚታየው እንዲህ ሲደረግ ነው።