ርካሽ ኢርፎን በቮልዩም ይመዘን

በስልክ ዕቃ መሸጫ ሱቆች መስታወት ውስጥ የተደረደሩትን የገመድ አልባ ኢርፎን ካርቶኖች ላስተዋለ ሰው፣ ከስማቸው ቀድሞ ዓይን የሚስበው ቁጥራቸው ነው። አንዱ 35 ዴሲቤል ጫጫታ አጠፋለሁ ይላል፤ ከጎኑ ያለው 45፤ በጥቂት መቶ ብር የሚበልጣቸው ደግሞ 50። ገዢው ቁጥሩን እንደ ኪሎ ቆጥሮ ከፍ ያለውን ይዞ ይሄዳል። አፕል ኤርፖድስ ፕሮን በ249 ዶላር ገበያ ላይ ሲያወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ማለት ነው፣ ኖይዝ ካንስሌሽን የውድ ዕቃ መለያ ነበር። ዛሬ ከ20 እስከ 50 ዶላር የሚያወጡት ላይ ሁሉ ሞልቷል። (በእኛ ከተማ ገመድ የሌለው ሁሉ «ኤርፖድ» ነው፤ ማንም ይሥራው ማን።) ስለዚህ ጥያቄው «አለው ወይስ የለውም?» ከመሆን አልፎ «ያለው ምን ያህል ይሠራል?» ሆኗል። እኔ የምለው፣ ርካሽ ኢርፎን መመዘን ያለበት ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ዴሲቤል ሳይሆን፣ ጫጫታ ውስጥ ሆነን የምናዳምጥበትን ቮልዩም ምን ያህል እንዳስቀነሰን ነው።

ለምን እንደሆነ ለማየት ዕቃው ወደሚሠራበት መንገድ ትንሽ ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፓውል ሉኤግ ድምፅን በተቃራኒ ድምፅ ማጥፋት እንደሚቻል አሳይቶ የአሜሪካን ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፤ ቦዝ የተባለው ኩባንያ ይህንኑ ለአብራሪዎች በሚሆን ማዳመጫ ለገበያ ያቀረበው ግን ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1989 ነው። ድምፅ የአየር መገፋትና መሳብ ነው። ኢርፎኑ ላይ ያለችው ትንሽ ማይክ ከውጭ የሚመጣውን ትሰማለች፤ ቺፑ አየሩ ሲገፋ የሚስብ፣ ሲስብ የሚገፋ ድምፅ ያሰናዳል፤ ሁለቱ ጆሮ ውስጥ ተገናኝተው ይጠፋፋሉ። ችግሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ተቃራኒው ድምፅ የሞገዱን ዑደት አንድ ስድስተኛ ያህል ከዘገየ ጫጫታውን መቀነሱ ይቀራል፤ ከዚያ ካለፈ ጭራሽ ይጨምርበታል። በሰኮንድ 50 ጊዜ ለሚርገበገበው የጄኔሬተር ጉርምርምታ ይህ ገደብ የሰኮንድ አንድ ሺህኛ ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ለቺፕ ሰፊ ጊዜ ነው። በሰኮንድ 3000 ጊዜ ለሚርገበገብ ቀጭን ድምፅ ግን ያለው ጊዜ የሰኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ 55 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ታግሦ ይጠብቃል፤ ቀጭኑ አይጠብቅም።

ይህን ስሌት ይዘን ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ እንግባ። ከወለሉ እየነዘረ የሚመጣው የሞተር ጉርምርምታ ወፍራምና ያልተቋረጠ ስለሆነ ርካሹም ኢርፎን በደንብ ያረግበዋል። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል ግን ሌላ ነገር ነው። ቃልን ከቃል የምንለይበት የንግግር ክፍል በአብዛኛው ከ500 እስከ 4000 ሄርዝ (በሰኮንድ የመርገብገብ ብዛት) ባለው ውስጥ ስለሚገኝ፣ የርካሹ ቺፕ ብዙም አይደርስበትም። የረዳቱን ድምፅ የሚያግደው፣ የሚያግደው ነገር ካለ፣ ጆሮ ውስጥ የገባው ላስቲክ ነው። «ሰው ሲያወራ ይሰማኛል፤ ተበላሁ» ብሎ ዕቃውን ሊመልስ የሚመጣ ገዢ ኢርፎኑ ያልገባለትን ቃል እየጠየቀው ነው። ካርቶኑ ግን ይህን ቀድሞ አልነገረውም።

ካርቶኑ ላይ ከቁጥሩ ፊት የምትቀመጥ አንዲት ቃል አለች፤ «እስከ»። 50 ዴሲቤል ማለት ኢርፎኑ በሁሉም ድምፅ ላይ 50 ይቀንሳል ማለት አይደለም። የተሻለ በሚሠራበት ጠባብ የድምፅ ቦታ ላይ፣ ላስቲኩ ጥንቅቅ ብሎ በገጠመ ሰው ሠራሽ ጆሮ የተገኘ ከፍተኛው ውጤት ነው። ትንሽ ፈቀቅ ሲባል 50ው ወደ 20፣ ከዚያም ወደ ምንም ሊወርድ ይችላል። ዴሲቤልም እንደ ኪሎ የሚደመር መለኪያ አይደለም፤ 10 ዴሲቤል ሲቀነስ የድምፁ ጉልበት ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፣ ጆሮ ግን በግማሽ ያህል እንደቀነሰ ነው የሚሰማው። ከዚህ ሁሉ የባሰው የአንዲት ፊደል ጉዳይ ነው። ብዙ ርካሽ ካርቶኖች ላይ የተጻፈው «ኤኤንሲ»፣ ማለትም እስካሁን ያልነው ኖይዝ ካንስሌሽን፣ ሳይሆን «ኢኤንሲ» ነው። ይህኛው የሚያጠራው በስልክ ስናወራ ከማይካችን የሚወጣውን ድምፅ ነው፤ እፎይ የሚለው በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው እንጂ ኢርፎኑን የገዛው አይደለም። ጥቅም የለውም አልልም። ነገር ግን ጸጥታ ፈልጎ የከፈለ ሰው ለጓደኛው ጸጥታ ገዝቶ መመለሱ ያስቃል፤ ያናድዳልም።

ወደ ላስቲኩ ልመለስ፤ የርካሽ ኢርፎን ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። ካርቶኑ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት መጠን ላስቲክ አለ፤ ትንሹ፣ መካከለኛውና ትልቁ። መካከለኛው ከፋብሪካ ተገጥሞ ስለሚመጣ የቀሩት ሁለቱ ከነፕላስቲካቸው መሳቢያ ውስጥ ይረሳሉ። በላስቲኩና በጆሮው ቀዳዳ መካከል ትንሽ ክፍተት ካለች፣ ወፍራሙ ጫጫታ በዚያች ቀዳዳ ይገባል፤ ቺፑ የሚለቀው ተቃራኒ ድምፅም፣ የሙዚቃው ቤዝም በዚያችው ይወጣል። ስለዚህ ጆሮው ላይ በልኩ የገጠመ የ30 ዶላር ኢርፎን፣ ልኩን ሳያገኝ የተንጠለጠለ የ250 ዶላር ኢርፎንን ሊበልጠው ይችላል። የሁለት ሰው ጆሮ አንድ አይደለም፤ የአንድ ሰው ቀኝና ግራ ጆሮ እንኳ አንዳንዴ የተለያየ መጠን ይፈልጋል። «ጓደኛዬ በጣም ጥሩ ነው ብሎኛል» የሚለው ምስክርነት ለጫማ እንደማይሠራ ሁሉ ለዚህም አይሠራም።

ታዲያ በቮልዩም መመዘን ለምን? ጫጫታ ውስጥ የሚያዳምጥ ሰው ከጫጫታው በላይ ለመሆን ድምፁን ይጨምራል፤ ጆሮን የሚጎዳውም ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። ወደ 90 ከፍ ሲል የሳምንቱ ድርሻ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል፤ በ100 ዴሲቤል 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ይቀራል። ጠዋትና ማታ ታክሲ ውስጥ አንድ አንድ ሰዓት የሚያሳልፍ ሰው በ90 ዴሲቤል የሚሰማ ከሆነ የሳምንቱን ድርሻ ማክሰኞ ማታ ጨርሶታል። ወፍራም ድምፅ ደግሞ ቀጭኑን የመሸፈን ጠባይ አለው፤ የሞተሩ ጉርምርምታ ሲረግብ ቀድሞ ተውጦ የነበረው የተናጋሪው ድምፅ ሳይጨመርበት ጥርት ብሎ ይወጣል። ርካሹ ኢርፎን የሚችለው ሥራና ጆሮ የሚያስፈልገው እረፍት የሚገናኙት እዚህ ነው።

መለኪያውም ላቦራቶሪ አይፈልግም። ጉዞ ላይ ባለ ታክሲ ውስጥ ወይም የሚሠራ ጄኔሬተር አጠገብ ንግግር ያለበት ዝግጅት ይከፈት፤ ዜና ወይም ትረካ ቢሆን ይመረጣል። ኖይዝ ካንስሌሽኑ ጠፍቶ ቃላቱ በትክክል የሚሰሙበት ዝቅተኛ ቮልዩም ይፈለግ፤ ከዚያ በርቶ እንደገና ከታች ጀምሮ ይፈለግ። ሦስት አራት ደረጃ ከወረደ ዕቃው ሠርቷል። ካልወረደ መጀመሪያ ላስቲኩ ተቀይሮ ይሞከር፤ አሁንም ካልወረደ ለጌጥ የተጻፈ ቁጥር ነው። በሙዚቃ መሞከር ያሳስታል፤ አንዳንዶቹ ኢርፎኖች ኖይዝ ካንስሌሽኑ ሲበራ የሙዚቃውን ቅላጼ ጭምር ስለሚለውጡ፣ ቤዙ ሲወፍር ጫጫታው የጠፋ ይመስላል።

«ውድ ያለ ምክንያት ውድ አይሆንም» የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። ውዶቹ የሰው ንግግር ወዳለበት መካከለኛ ድምፅ ድረስ ዘልቀው ያፍናሉ፤ ነፋስ ማይካቸው ላይ ሲነፍስ እንደ ርካሾቹ አያንኮሻኩሹም፤ ጸጥታ ውስጥ የሚሰማው ስስ የፉጨት ድምፅ እነሱ ላይ ያነሰ ነው። በሞተር ጉርምርምታ ላይ ግን ልዩነቱ የዋጋውን ልዩነት አያህልም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ላይ እያንዳንዷ ዶላር ከብዳለች። በዚያ ላይ አደገኛው ነገር የውዱ አስመሳይ ነው። የማስቀመጫው ክዳን ሲከፈት አይፎኑ ላይ የዋናውን ኤርፖድስ ሥዕል እስከማውጣት ድረስ የተመሳሰለ ዕቃ አለ፤ ሥዕሉ መውጣቱ ውስጡ ምን ቺፕ እንዳለ አይናገርም። ኦራይሞም ሆነ ኪውሲዋይ ወይም ሬድሚ በራሱ ስም የሚሸጥ ርካሽ ኢርፎን፣ የሌላ ሰው ስም ለብሶ ከሚመጣው ይሻላል፤ ቢያንስ ማን እንደሠራው ይታወቃል።

የመንገድ ደኅንነት የሚያሳስባቸው ሰዎችም አሉ፤ እዚህ ላይ አልከራከራቸውም። ኖይዝ ካንስሌሽን በደንብ የሚያጠፋው ድምፅ ከኋላ የሚመጣ የከባድ መኪና ጉርምርምታ ጭምር ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ድሮም ድምፃቸው ትንሽ ነው። መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ቢያንስ አንዱን ከጆሮው ያውጣ። ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ወይም ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሰው ላይ ግን ይህ ተቃውሞ አይሠራም።

እኔን ራሴን የሚፈትነኝ ሌላኛው ክርክር ነው፤ የባትሪው። እያንዳንዷ ኢርፎን ውስጥ ያለችው ሊቲየም ባትሪ ከአውራ ጣት ጥፍር ያነሰች ናት፤ ኖይዝ ካንስሌሽን ሲበራ ቶሎ ታልቃለች፤ በየቀኑ ስትሞላና ስትራገፍ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ትደክማለች። ሽፋኑ በሙጫ የተዘጋ ስለሆነ ከስልክ ስክሪን እስከ ቴሌቪዥን ቦርድ የሚጠግነው ባለሙያ እንኳ ሳይሰብር አይከፍተውም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የባትሪ ደንብ፣ ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ባትሪዎች በጥቅሉ ተጠቃሚው ራሱ ሊቀይራቸው የሚችሉ እንዲሆኑ ያዝዛል። ፌርፎን የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያም በ2024 ባትሪው በእጅ የሚቀየር ኢርፎን ሠርቶ የሚቻል መሆኑን አሳይቷል፤ ዋጋው ግን ከርካሾቹ ተርታ አይደለም። ወደ እኛ ገበያ የሚመጡት ርካሾች ይህ እስኪደርሳቸው ገዢው ዋጋውን ለሁለት ዓመት አካፍሎ ያስላ። ሦስተኛው ዓመት ከመጣ ምርቃት ነው።